የዩሱፍ ምሳ በጎልፍ ሜዳ

በ2016 ዓ.ም. በበጋው ነው። ሀርጌሳ ጠዋት ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ አቧራውን ጓዳ ድረስ ያስገባል። በዚያ በጋ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ቤታችን ውስጥ ሦስት ዓመት ታስሮ የቆየ ነገር ተፈታ። እኔ ብዙ የማወራ ሰው አይደለሁም። ምስጋናው በሆዴ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው የምጽፈው።

የድሬዳዋ ልጅ ነኝ። ባለቤቴ ዩሱፍ የተወለደው ሀርጌሳ ቢሆንም ያደገው ድሬ ነው። ቤተሰቦቹ በጦርነቱ ጊዜ ሲሰደዱ ገና ልጅ ነበር፤ ኳስ የተማረውም በድሬ አሸዋ ላይ ነው። ሀገሩ ሰላም ሲሆን እኔን አግብቶ ተመለሰ። አብሮ አደጎቹም ተመለሱና እዚህ ቡድን አቋቋሙ። ሰፈሩ "የድሬ ልጆች" ይላቸው ነበር። በሶማልኛ ይጫወታሉ፣ ሲናደዱ ግን የሚሰዳደቡት በአማርኛ ነው። ዩሱፍ አማካይ ነበር። እግሩ ሲደክም ኳሱን ትቶ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ። እኔ ለሠርግና ለስብሰባ ምግብ አበስላለሁ። አንዲት ልጅ አለችን፣ ሰሚራ።

ከዚያ በጋ ሦስት ዓመት በፊት ዩሱፍን ስትሮክ መታው። አልሐምዱሊላህ፣ ምላሱ ተመለሰ፣ እግሩም ተመለሰ። ቀኝ እጁ ግን አልተመለሰም። ትከሻው ላይ ሻል ጣል ያደርግና እጁን ከሥሩ ይሸሽገዋል። እጁ ደከም እንዳለ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ጉርሻ መያዝ እንደማይችል ግን ከእኔና ከሰሚራ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

እንግዲህ የእኛን ምግብ ታውቃላችሁ። ከአንድ ትሪ ነው የሚበላው፣ በቀኝ እጅ ነው የሚበላው። ግራ እጅ ለሌላ ሥራ ነው፤ ትሪ ውስጥ አይገባም። ዩሱፍ ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ ሃይማኖቱን የሚጠብቅ ሰው ነው። ስለዚህ ምሳም እራትም ኋላ ክፍል በሩን ዘግቶ ለብቻው ይበላ ጀመር። ሰው ቤት ሲጠራ "በልቻለሁ" ይላል።

"የታመመ ሰው ይፈቀድለታል እኮ" አልኩት አንድ ቀን። "ሼኹም ነግረውሃል።"

"አውቃለሁ" አለኝ። "አላህ ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ትሪው ዙሪያ የተቀመጠው ሰው ግን አያውቅም። እያንዳንዱ ሲያየኝ ልነግረው ነው?"

"እኔ ልንገራቸው።"

"ለማንም እንዳትናገሪ። አማና ነው።"

አማና አደራ ማለት ነው፤ አማና ከተባለ አለቀ።

ዝምታው ሳይከብደኝ ቆየና የሰሚራ ነገር መጣ። መሐመድ ሞጌ ሰፈር የሚኖሩ ደግ ሰዎች ለልጃቸው ጠየቋት። የልጁ እናት ኤዶ ሐሊማ ትባላለች፤ ኤዶ እዚህ አክስት ማለት ነው፣ አክብረን የምንጠራት እንደዚያ ነው። ከነቤተሰቧ መጣች፣ እኔም የቻልኩትን አበሰልኩ። ዩሱፍ ትሪው ሲቀርብ "በልቻለሁ" ብሎ ከወንዶቹ ፊት ቁጭ አለ። ሲሄዱ ኤዶ ሐሊማ በር ላይ እጄን ያዘችና እንዲህ አለችኝ፦

"ሰው ልጁን ሊሰጥ ካልፈለገ ይናገራል። ከእኛ ጋር መብላቱን ነው የጠላው ወይስ እኛን?"

"ወላሂ አንዱንም አይደለም" አልኳት።

"ታዲያ ምንድን ነው?"

አማናው አፌን ያዘው። እሷም መልሱን ስትጠብቅ ቆይታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ መልእክተኛ አልላከችም። ኒካው፣ የጋብቻ ውሉ፣ ከረመዳን በኋላ ተብሎ ነበር፤ አሁን ስለ ኒካው የሚያነሳ ጠፋ። ሰሚራ አባቷ ፊት ትስቃለች፣ ማድቤት ገብታ ታለቅሳለች። እኔም በየሶላቱ "ያ አላህ፣ በምን በኩል እንደሆነ አላውቅም፣ በር ክፈትልኝ" እያልኩ ዱዓ አደርግ ነበር።

በሩ በጎልፍ በኩል ይከፈታል ብዬ አላሰብኩም።

ኢስማኤል የሚባል የዩሱፍ ጓደኛ አለ። የቡድኑ ሁለተኛ በረኛ ነበር፤ ማለትም ዕድሜውን ሁሉ ተጠባባቂ። ኋላ እንግሊዝ አገር ሄዶ ብዙ ዓመት ኖሮ በቅርቡ ተመልሷል። አንድ ቀን ከአሥር ሰዓት ሶላት በኋላ አንድ ረጅም ቦርሳ ተሸክሞ ግቢያችን ገባ።

"ዩሱፍ፣ ስምንት ሰው እፈልጋለሁ። ሰባት ነን።"

"ለምን?"

"ለጎልፍ።"

ዩሱፍ ረጋ ብሎ አየው። "እሱ ሳር ያላቸው ሀብታሞች ጨዋታ አይደለም እንዴ?"

"እኛ ሀብትም የለን፣ ሳርም የለን። ግን እንጫወታለን።"

ነገሩን አስረዳን። ዳሚ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤት ውሃ የለውም፤ ልጆቹ ጀሪካን ይዘው ነው የሚመጡት። የድሬ ልጆች ተሰባስበው ቢጫወቱ ነጋዴዎች ለውሃ ታንከር ይረዳሉ።

"ታዲያ ለምን ኳስ አትጫወቱም?" አልኩት እኔ፣ ሻሂ እያቀረብኩ።

"ሞከርነው፣ ወላል፣ እህቴ። አምና ተጫወትን። ገና ሳይሞቅ ሁለቱ ጉልበታቸውን ይዘው ወደቁ፣ አንዱ ወገቡን። ለትምህርት ቤት ብለን ወጥተን ሐኪም ቤት ገባን። ይሄ ጨዋታ ግን ሩጫ የለውም። አንዱ ከሩቅ ይመታል፣ ጓደኛው ከቅርብ ጉድጓድ ውስጥ ያስገባል።"

ዩሱፍ ሻሉን ሳብ አደረገው። "እኔ ዱላ አልይዝም።"

ኢስማኤል ከቦርሳው አንድ አጭር ዱላ አወጣ፤ ጫፉ ጠፍጣፋ ነው። "ይቺ ለቅርብ ናት። በአንድ እጅም ትመታለች" አለ። ግድግዳው ላይ አስደገፋት። ሥሯ አንዲት ነጭ ኳስ አስቀመጠ። ሻሂውን ጠጥቶ ሄደ።

ዱላዋ እዚያው ዋለች። በማግስቱ የስኳር ጣሳዬን ብፈልግ ብፈልግ የለም። ስኳሩ በፌስታል ታስሮ ተቀምጧል፣ ጣሳው ግን የለም። ሰሚራ በመስኮት በኩል ጠራችኝ።

"እማዬ ነይ፣ ቀስ ብለሽ ነይ።"

ዩሱፍ ግቢው ውስጥ ጣሳዬን በጎኑ አጋድሞ፣ ዱላዋን በግራ እጁ ይዞ፣ ኳሷን መታ ያደርጋታል። ኳሷ ትንሽ ሄዳ ቆመች። ተጠግቶ መሬቱን አየ። በእግሩ ጠረግ ጠረግ አደረገ። እንደገና መታ። ሳተ። አጎንብሶ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደዚያ ሲያደርግ ካየሁት ብዙ ዘመኔ ነው።

"አባዬ ምን እያደረገ ነው?"

"ዝም በይ፣ እንይ" አልኳት።

መጋረጃው ሥር ተደብቀን እናትና ልጅ አየነው። ኳሷ ጣሳው ውስጥ ገብታ ቋ ስትል ሰሚራ አፏን በእጇ ያዘች። እሱ ወዲያው ዞር ዞር ብሎ ሰው እንዳላየው አረጋገጠና ኳሷን አወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ማታ ማታ ቋ የሚል ድምፅ እንሰማለን። ማንም አልጠየቀውም። ስኳሩም በፌስታል ሆኖ ቀረ።

አንድ ቀን ራሱ መጣ። "እሄዳለሁ" አለኝ። "ይህ ነገር እንዴት እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ። ግን ምሳ አልበላም። ምግቡን የምታበስይው አንቺ ስለሆንሽ የእኔን ለይተሽ መኪናው ውስጥ አስቀምጪልኝ። ዙህር ከሰገድን በኋላ እመጣለሁ።"

እሺ አልኩት። ደስታዬን አልነገርኩትም። እሄዳለሁ ያለው ደፍሮ አልነበረም፣ ነገሩ ገርሞት ነው። ለእኔ ግን ከቤት መውጣቱ ብቻ በቂ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ኢስማኤል በላከው ሚኒባስ ከነድስቶቼ ሄድን። ቦታው ከከተማው ወጣ ያለ ቀይ አፈር ሜዳ ነው፤ እሾሃማ ዛፎች ብቻ እዚህም እዚያም ቆመዋል። ጎልፍ እንዴት ያለ ነገር እንደሆነ ለማየት ጓጉቼ ነበርና ድስቶቼን ሳልጥድ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ጉድጓዶቹ አሸዋ ውስጥ የተቀበሩ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች ናቸው። አቧራው እንዳይነሳ ዙሪያቸው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተረጭቶበት በሳንቃ ተስተካክሏል። ሳር ስለሌለ ለየጥንዱ ከሱቅ በር ላይ ከሚነጠፈው አረንጓዴ የፕላስቲክ ምንጣፍ ቁራጭ ተሰጥቷቸዋል፤ ኳሱን እሱ ላይ አስቀምጠው ይመታሉ፣ ከዚያ ምንጣፋቸውን አንጠልጥለው ይሄዳሉ። ሰጋጆች ይመስሉ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ተሰለፉ። ሽማግሌ ስል አንዳንዱ ገና ሃምሳውን ቢያልፍ ነው፤ ሆዱ ግን ቀድሞታል። ያረጀውን ማሊያቸውን ከሸሚዛቸው በላይ አጥልቀዋል። ኢስማኤል ፊታቸው ቆመ።

"እግር የለም!" አለ። "ኳሱን በእግሩ የነካ ይወጣል።"

"አቦ፣ ዕድሜ ልክህን ቤንች ላይ ተቀምጠህ ዛሬ አሰልጣኝ ሆንክብን?" አለው አንዱ።

"ቤንች ላይ ስለተቀመጥኩ ነው ጉልበቴ ደህና የሆነው።"

ሳቁ። ከዚያ ጥንዶቹን ጠራ። "ሙሴ ከዩሱፍ ጋር።"

ሙሴ ረጅም፣ ጮሌ፣ ከሩቅ የሚስቅ ሰው ነው፤ የቡድኑ አጥቂ ነበር። ያን ቀን ግን አንገቱን ደፍቶ ምንጣፉን አነሳ። ዩሱፍ አጭሯን ዱላ ይዞ ተከተለው። ሰላምታቸው እንኳ የሩቅ ነበር።

ወደ ድስቶቼ ስመለስ የሙሴ ሚስት ሳፊያ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። የጂጂጋ ልጅ ናት፣ በአማርኛ ነው የምናወራው።

"ትናንት አልተኛም" አለችኝ።

"ማን?"

"ሙሴ ነዋ። ዩሱፍ ይመጣል ሲሉት ሲገላበጥ አደረ።"

"ለምን?"

ቢላዋውን አቆመችና አየችኝ። "አንቺ አታውቂም? ያቺ ፔናሊቲ። በመጨረሻው ጨዋታቸው ዩሱፍ 'እኔ ልምታ' አለው፣ ሙሴ እምቢ ብሎ ራሱ መታና ሳታት። ተሸነፉ። ዩሱፍ ያኔ ምንም አላለም። ግን ልጃችንን የዳርን ቀን መጥቶ፣ ትሪው ፊት ተቀምጦ፣ አንድ እህል ሳይነካ ሄደ። ሰው ምግብህን አልበላም ካለህ ምን ማለት ነው? ሙሴ 'ቂሙን ይዞ ነው የኖረው' አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስሙ ሲነሳ ይከፋዋል።"

ምላሴ ላይ ደረሰ። "እጁ እኮ ነው" ልላት ነበር። ዋጥኩት። አማና ነው። ሩዙን ማማሰል ጀመርኩ፤ ሳፊያም ዝምታዬን በራሷ መንገድ ተረጎመችው፣ ፊቷ ላይ አየሁት።

ያኔ ነው የገባኝ። የዩሱፍ አለመብላት የሚጎዳው እሱን ብቻ መስሎኝ ነበር። ኤዶ ሐሊማ ቤት ንቀት ሆኗል፣ ሙሴ ቤት ቂም ሆኗል። ሌላስ ስንት ቤት ምን ሆኖ ይሆን?

ሻሂና ውሃ ይዘን ወደ ሜዳው ሄድን። ሙሴ ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ በሙሉ ኃይሉ ሰነዘረ። ምንጣፉ በረረ፣ ኳሱ ባለበት ቀረ።

"ጎል!" ብለው ጮሁ ሌሎቹ። "ምንጣፉ ገባ!"

ሁለተኛው ምት ግን ኳሷን አገኛት። ከእሾሁ ዛፍ በላይ አልፋ ሄደች፤ ሁላችንም ቀና ብለን አየናት። የአሮጌ አጥቂ ልብ አይሞትም መሰለኝ፣ ሙሴ እጁን ዘርግቶ ሊሮጥ ቃጥቶት ጉልበቱ አስታወሰው። ዩሱፍ እየተራመደ ወደ ኳሷ ሄደ። ቆርቆሮው አጠገብ ደረሰ፣ ዝቅ ብሎ መሬቱን አየ።

"በግራ በኩል ያጋደለ ነው" አለ ለራሱ ያህል።

"ቀጥ ያለ ይመስላል" አለ ሙሴ፣ እሱም ለራሱ ያህል።

ዩሱፍ በግራ እጁ መታ አደረጋት። ኳሷ ዞር ብላ፣ ዘይት በጠጣው አሸዋ ላይ ተንከባልላ፣ ቋ!

"አቦ ዩሱፍ!" ሙሴ ሳያስበው ጮኸ። ከዚያ አፉን ዘጋ።

እንደዚያ እየሆኑ ቀጠሉ። አንዱ ይመታል፣ አንዱ ያስገባል። ወሬያቸው ስለ መሬቱ ብቻ ነው፦ ድንጋይ አለ፣ የለም፤ ነፋስ አለ፣ የለም። አንድ ቁራ የሌላ ጥንድ ኳስ ይዞ ሲበር ሁለቱም እኩል ሲስቁ ሰማኋቸው፤ ወዲያው ደግሞ እኩል ዝም አሉ። ከዛፍ ሥር ቆሜ እነዚህን ሁለት ሰዎች ማየት አልጠገብኩም። ሁለት የተዘጉ በሮች ናቸው፣ የሁለቱም ቁልፍ እኔ ጋ ነው፣ እኔ ደግሞ መክፈት አልችልም።

የመጨረሻው ጉድጓድ ላይ ደረሱ። ይህችን ካስገቡ ያሸንፋሉ። ሁሉም ከብቦ ቆመ። ሙሴ ከርቀት መትቶ አቀረባት፤ ዩሱፍ ተጠጋ። ሙሴ አጠገቡ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

"ምታት። ያኔም ለአንተ መስጠት ነበረብኝ" አለው።

"መቼ?" አለ ዩሱፍ።

ሙሴ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለ። ዩሱፍ መታ። ኳሷ ቆርቆሮውን ጠርዙ ላይ ነክታ ዞረችና አለፈች። ሌሎቹ በጩኸት ተቃቀፉ። ሙሴ ግን ፊቱ ጠቆረ።

"ሆን ብለህ ነው የሳትካት?"

"ምን ማለትህ ነው?"

አዛን ተሰማ። ከኢስማኤል ስልክ ነው፤ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሰዎቹ ዱላቸውን አስቀምጠው ለውዱእ ወደ ውሃው ሄዱ፤ ሙሴም ትቶት ሄደ።

ሶላቱ አለቀ። ሩዙና የፍየል ሥጋው በየትሪው ወጣ። እኔ የዩሱፍን ድርሻ በሳህን ከድኜ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። መኪናው የቆመው ከትሪዎቹ አጠገብ ነው፤ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኩ። አንድ ትሪ ዙሪያ አራት ሰው ይቀመጣል። ዩሱፍ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄደ ኢስማኤል ጠራው።

"ዩሱፍ፣ እዚህ! አራተኛ የለንም።"

ቆመ። መኪናውን አየ፣ እኔን አየ። ትሪው ላይ ሙሴ ተቀምጧል፤ ቀና ብሎ አላየውም፣ ግን እጁን ወደ ምግቡ አልሰደደም፣ ይጠብቃል። ዩሱፍ ቢሄድ ምን እንደሚሆን ሳፊያ ነግራኛለች። እሱ ግን አያውቅም። ያ አላህ አልኩ።

ዩሱፍ ተመልሶ ተቀመጠ።

ሦስተኛው ሰው ለታንከሩ ሊረዱ ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ ናቸው፣ ጢማቸውን ሂና የተቀቡ ሐጂ። ቢስሚላህ ብለው ጀመሩ። ሦስት እጅ ወደ ትሪው ገባ። ዩሱፍ ተቀምጧል። ኢስማኤል የሆነ ነገር ያወራል፣ ሐጂው ይስቃሉ፣ ዩሱፍም ይስቃል፣ አይበላም። የሙሴ መንጋጋ ሲጠነክር ከመኪናው ውስጥ ይታየኛል።

ከዚያ የሆነው ነገር በጣም ተራ ነው። በአንድ እጅ ብቻ የሚበላ ሰው ትልቅ አጥንት ሲገጥመው ብቻውን አይችለውም። አንዱ አጥንቱን ይይዛል፣ ሌላው ሥጋውን ይስባል። ትሪ ላይ ያደገ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ አጠገብህ ያለውን ሳታየው "ያዝልኝ" ትለዋለህ። ሙሴ አንድ የወርች አጥንት ይዞ ታገለ፣ ታገለ። ተናዶም ይሁን ርቦት፣ ፊቱን ሳያዞር አጥንቱን ወደ ዩሱፍ ገፋው።

"ያዝልኝ።"

የዩሱፍ ግራ እጅ ከሻሉ ወጣ። አጥንቱን ጨበጠ። ሙሴ ሳበ፣ ሥጋው ተላቀቀ፣ ግማሹን እንደ ልማዱ ዩሱፍ ፊት ወረወረው። ዩሱፍ እጁን አየው። ትሪው ውስጥ ነው፤ በቅባት ተለውሷል። ቀስ ብሎ ሥጋውን አነሳና ጎረሰ።

ሐጂው ቀና አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ማንኛውም አባት እንደሚለው በሶማልኛ "ልጄ፣ በቀኝህ" አሉት።

ሦስት ዓመት ሙሉ ሲሸሸው የኖረው ይህን ቃል ነበር። የመኪናውን በር እጀታ ያዝኩ። ይነሳል ብዬ ነው።

አልተነሳም። በግራ እጁ ሻሉን ገለጠና ቀኝ እጁን ከሥሩ አውጥቶ ጉልበቱ ላይ አኖረው። ጣቶቹ እንደታጠፉ ናቸው።

"ሐጂ፣ ቀኜ አትነሳም" አላቸው። "ስትሮክ ነው። ሦስት ዓመት ሆናት።"

"አላህ ያሽራት" አሉ ሐጂው ደንገጥ ብለው። "አፉ በለኝ ልጄ። ብላ፣ ብላ።" የራሳቸውን ሥጋ ወደሱ ገፉለት።

ሙሴ ማኘክ አቁሟል።

"ቆይ" አለ በአማርኛ። "ቆይ ቆይ። በልጄ ሠርግ ቀን..."

"አዎ።"

"በእጅህ ምክንያት ነው ያልበላኸው?"

"በሌላ በምን ሊሆን ነው?"

"በፔናሊቲው!"

ዩሱፍ ግራ ገባው። "የትኛው ፔናሊቲ?"

"አቦ የትኛው ይለኛል እንዴ!" ሙሴ ጮኸ፤ ሌሎቹ ትሪዎች ሁሉ ዞሩ። "በመጨረሻው ጨዋታ የሳትኳት ነዋ! 'እኔ ልምታ' አላልከኝም?"

ዩሱፍ አሰበ፣ በእውነት አሰበ። "ብዬህ ነበር እንዴ?"

"ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት እንቅልፍ አጥቻለሁ አንተ ሰውዬ! ሳፊያ! ሳፊያ ነይ ስሚ፣ ረስቶታል!"

ኢስማኤል ከሳቁ ብዛት ሩዝ ትን ብሎት ጀርባውን መቱት። ሙሴ ተቆጥቷል፤ እውነተኛ ቁጣ ነው፣ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቷል። የዩሱፍን ቀኝ እጅ ከጉልበቱ ላይ አነሳና በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቃት።

"ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"አፈርኩ" አለ ዩሱፍ።

"ከእኔ? እኔ ምንጣፍ እየመታሁ አላፈርኩም!"

ዩሱፍ ሳቀና ወደ ትሪው ተመለሰ። በላ። ብዙ በላ። ሙሴ ደግሞ አንድ ሌላ አጥንት አነሳ፤ "ያዝ" አለው፣ አሁንም ሳያየው። እኔ መኪናው ውስጥ ተቀምጬ አልቅሼ ጨረስኩ። ከዚያ የከደንኩትን ሳህን ከፍቼ ራሴ በላሁት። ርቦኝ ነበር።

አንባቢዎቼ፣ ስለዚያ ቀን ብዙ አስቤያለሁ። ሙሴ አውቆ ያደረገው ነው ወይስ እንዲያው? ጠይቄው ነበር በኋላ። "ወላሂ አጥንቱ አስቸግሮኝ ነው" አለኝ። አምነዋለሁ። ሙሴ በዚያች ሰዓት ደግነት አላደረገም፣ እንዲያውም ተናዶ ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ለዩሱፍ አዝኜለታለሁ፣ ለይቼ አብስዬለታለሁ፣ ዱዓ አድርጌለታለሁ። ሼኹ አስተምረውታል። ሁላችንም እንሰጠው ነበር እንጂ ማንም ከእሱ የሚፈልገው ነገር አልነበረም። "ያዝልኝ" ያለው ሙሴ ብቻ ነው። የሚያዝ ነገር ሲሰጠው እጁ ከእፍረቱ ቀድማ ወጣች።

ቤታችሁ ውስጥ የታመመ ወይም ከሰው የሸሸ ሰው ካለ፣ ማዘናችሁ ደግ ነው፣ አላህ ይቁጠርላችሁ። ግን አንድ ነገርም ጠይቁት። ትንሽ ነገር ይሁን። እውነት የሚያስፈልጋችሁ ነገር ይሁን። እኔ አሁን ድስት ሳወርድ ዩሱፍን እጠራዋለሁ፤ አንዱን ጆሮ እሱ ይይዛል፣ አንዱን እኔ። እንደ ድሮ ፈጣን አይደለንም፣ ድስቱ ግን ይወርዳል። ታንከሩም ዳሚ ቆሟል፣ አልሐምዱሊላህ። ቀኝ እጁ አልዳነችም። አላህ ካለ ትድናለች፣ ካላለም ተመስገን።

ያን ዕለት ማታ ስንመለስ ቤት ልንደርስ ስንል ዩሱፍ፣ "ሙሴ እንደዚያ ካሰበ ሌላው ሰው ምን አስቦ ይሆን?" አለኝ።

"ኤዶ ሐሊማ 'ከእኛ ጋር መብላቱን ነው የጠላው ወይስ እኛን?' ብላኛለች" አልኩት። ይህን መንገር አማና አልነበረም።

"ንገሪያት" አለኝ።

በማግስቱ ጁምዓ ነው። ሱብሂ ሰግጄ፣ ቁርአኔን ቀርቼ፣ ባጃጅ ይዤ መሐመድ ሞጌ ሄድኩ። በሩን የከፈተችው ራሷ ኤዶ ሐሊማ ናት፤ ገና ፊቷን መታጠቧ ነው። ግቢ አላለችኝም፣ ምን ልል እንደመጣሁ ለማወቅ ቆማ ጠበቀች። ደጃፏ ላይ እንዳለሁ ስለ እጁ ነገርኳት፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ። ከዚያ፣

"ኤዶ፣ ዛሬ ከጁምዓ በኋላ ልጆችሽን ይዘሽ ነይ" አልኳት። "ዩሱፍ ከእናንተ ጋር ምሳ ይበላል።"